ጠቅልለው ለሚገቡ አረጋውያን

ክቡር አዘጋጅ፣

በስደት ያረጀ ሰው ጠቅልሎ አገሩ ይግባ ወይስ ባለበት ይቆይ በሚለው ጉዳይ አንባቢዎቻችሁ የሚጽፉትን እከታተላለሁ። የሚበዛው ስለ ናፍቆት ነው። እኔ አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን ስንከባከብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ስለ ሕክምናው ልጻፍ።

አንድ አባት አገራቸው ሲገቡ «ከእንግዲህ ለምኔ ነው?» ብለው ሐኪም ቤት ለመመላለስ የሚያገለግለውን የሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ክፍል፣ ፓርት ቢን፣ ተዉት። ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና ስለማይከፍል ሐሳባቸው ስሕተት አይመስልም። ከዓመታት በኋላ ልባቸውን ታመሙና ተመለሱ። ያኔ ነው ጉዱ የመጣው። መመዝገቢያው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ብቻ ሆነባቸው፤ ሳይከፍሉ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት ደግሞ በወርኃዊ ክፍያቸው ላይ 10 በመቶ ተጨመረ። ቅጣቱ ኢንሹራንሱን እስከያዙ ድረስ አይነሣም። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ ደጋግመው ሲያነቡት አጠገባቸው ነበርኩ። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጡረታውም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ያለውን ሰው ወደ አብዛኞቹ አገሮች ይከተለዋል። ዜግነት ያልወሰደው ግን ከ6 ወር በላይ ውጭ ከቆየ ክፍያው ሊቋረጥበት ይችላል። ኤስኤስአይ የሚባለው የድጎማ ገንዘብ ደግሞ 30 ተከታታይ ቀን ከአገር ከወጡ ይቆማል፤ ተመልሰው ሌላ 30 ቀን ሳይቀመጡም አይቀጥልም።

«እማዬ፣ ሂጂና ዕረፊ» የምትሉ ልጆች፣ እባካችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ይህን አጣሩ። አብዛኞቹ ደብዳቤዎች የሚመጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ እናቶች ሳይከፍቷቸው መሳቢያ ውስጥ ሲያጠራቅሟቸው አይቻለሁ።

ባለቤቴ መግባት ይፈልጋል። እኔ የልጅ ልጆቼን ትቼ መሄድ አልችልም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ስለዚህ ቤታችንን ሳንሸጥ፣ ኢንሹራንሳችንንም ሳንተው፣ እሱ ሄዶ ኑሮውን ይሞክረው ብለን ተስማምተናል። የሚያውቁን ሰዎች «ባልና ሚስት በስተርጅና እንዴት ይለያያሉ?» ይሉናል። እኛ ግን ሁለታችንም የምንታከምበትን መንገድ ዘግተን አብረን ከምንቸገር ይህን መርጠናል።

ጋዜጣችሁ የጡረታና የኢንሹራንስ ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ ጋብዞ የአንባቢዎችን ጥያቄ ቢያስመልስ ትልቅ ውለታ ነው። በተለይ ዜግነት ላልወሰዱት ቅድሚያ ይሰጥልኝ።

አንዲት ጡረተኛ አንባቢያችሁ