የቅዳሜው ጠረጴዛ ሥራ፦ ምን ይዘን እንምጣ?

ሰላም ቤተሰብ፣

የፊታችን ቅዳሜ እንደተለመደው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እንገናኛለን። ከአሮጌ ዕቃ ጠረጴዛ እንሠራለን።

ጓሮ የተጣለ በር፣ የመኪና ቸርኬ ወይም እግሩ ብቻ የቀረ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ካላችሁ ለቁራሌው ከመሸጣችሁ በፊት ይዛችሁት ኑ። የሌላችሁ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ብቅ በሉ። ዋጋ መከራከሩ እንግዲህ የራሳችሁ ሙያ ነው።

እኔ ባለፈው የሠራሁት ከአያቴ ቤት በወጣ የዋንዛ በር ነው። ላዩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከዚያ ደግሞ ቡኒ ቀለም ነበረው። ሁለት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። የእንጨቱ መስመር ብቅ ሲል ድካሜን ረሳሁት። የቁልፉን ቀዳዳ ሆን ብዬ አልደፈንኩትም። እናቴ ግን እስካሁን «በር ላይ ቡና አልጠጣም» ትላለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፤ ውኃ አርከፍክፉበት፣ ማስክም አድርጉ። ፓሌት (የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ) የምታመጡ ማኅተሙን እዩ። «ኤችቲ» (HT) የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ ችግር የለውም። «ኤምቢ» (MB) የሚለው ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ቤት አይግባ።

ለሳሎን ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይበቃል። የሲንጀር እግር ረዘም ስለሚል ለምግብ ጠረጴዛ ይሻላል።

ኮላና ቫርኒሽ ከእኛ፣ ጓንትና ማስክ ከእናንተ። ሚስማር መንቀያ ያለው ካለ እባካችሁ ያሳውቀን፤ የኛው ባለፈው ተሰብሯል።