ልጄ፣ መታወቂያሽን እንዳትልኪላቸው

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ሥራ ፍለጋው እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። እናትሽ ማር ልካልሻለች። ይህም ደብዳቤ ከማሩ ጋር ነው የሚደርስሽ። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ አንቺም "እሺ አባ፣ እሺ አባ" እያልሽ አለፍሽው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍላት አልኩ።

እሁድ ዕለት ስለዚያ የሥራ ማስታወቂያ ነግረሽኝ ነበር። በቴሌግራም ያገኘሽው ነው። ቢሮአቸውን አላየሽም። ሰዎቹንም አታውቂያቸውም። የመታወቂያሽን ፊትና ጀርባ፣ በዚያ ላይ መታወቂያውን በእጅሽ ይዘሽ የተነሳሽውን ፎቶ ላኪ ብለውሻል። "ለምዝገባ ብቻ ነው" አሉሽ። ያን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። ምክንያቱን እስካሁን አልነገርንሽም። ባለፈው ጥር አንድ ነገር ደርሶብን ነበር። አንቺ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ላይ ስለነበርሽ እናትሽ "አትንገራት፣ ልቧ ይከፈላል" ብላ ለመነችኝ። አሁን ግን ማወቅ አለብሽ።

የአጋሮውን ሐጂ ታስታውሻቸዋለሽ፣ ልጅ ሆነሽ ከረሜላ የሚያመጡልሽን። ከሳቸው ጋር 17 ዓመት ሠርተናል። አንድ ቀን ወረቀት ተፈራርመን አናውቅም፣ ቃላችን ይበቃን ነበር። ጥር ላይ የመጨረሻውን ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ አስረከቡን። 186 ሺህ ብር ቀሪ ነበራቸው።

ማክሰኞ ጠዋት በቴሌግራም መልእክት መጣ። ስማቸው አለ። ነጭ ኮፍያቸውን ያደረጉበት ፎቶም አለ። "የድሮው ሂሳቤ ችግር ገጥሞታል፣ ቀሪውን በዚህ አስገቡልኝ፣ ቸኩያለሁ" ይላል። ከሥሩ የሂሳብ ቁጥርና የአንድ ሰው ስም ተጽፏል፣ "የእህቴ ልጅ ነው" የሚል ተጨምሮበት። ወደ ላይ ስታነቢ የድሮ መልእክቶቻችን በሙሉ እዚያው ናቸው፣ የኪሎው ብዛት፣ የመኪናው ታርጋ፣ ለበዓል የተባባልነው ሁሉ። ምን ይጠረጠራል? ሒሳብ ሠራተኛችን አስገባ።

ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ሐጂ ራሳቸው መጡ። መጋዘኑ በር ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ቡና ጠጡ። ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የኔን ነገር እንዴት አደረጋችሁት?" አሉኝ። አፍረው ነው የጠየቁኝ፣ አስበሽዋል? ገንዘባቸው ሆኖ አፍረው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ዕለት አንድ ሰው ደውሎ "ሲምዎን ልናድስልዎ ነው፣ አሁን የሚደርስዎትን ኮድ ይንገሩኝ" ብሏቸዋል። ነገሩት። አምስት አሃዝ ናት። በዚያች አምስት አሃዝ የሐጂን ቴሌግራም በራሱ ስልክ ላይ ከፈተ። እሳቸውን ከዚያ አስወጣቸው። ከዚያ በኋላ ሐጂን ሆኖ ያወራን እሱ ነው።

ለሐጂ ድጋሚ ከፈልኩ። አስረክበውኛልና ሌላ ምን እላለሁ? የዚያን ዓመት ትርፋችን በአንድ ጠዋት ሄደ። የመጋዘኑን ጣሪያ እንቀይራለን ያልነውም በዚያው ቀረ። እስካሁን ዝናብ ሲመጣ ጆንያውን እናዟዙራለን።

ባንክ ስንሄድ ገንዘቡ በገባበት ቀን ተከፋፍሎ ወጥቶ ጠበቀን። የሂሳቡ ባለቤት የተባለው ልጅ በፖሊስ ተጠርቶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሌላ ከተማ መጣ። ጣቢያው በረንዳ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በእልህ ነበር የሄድኩት። አጠገቡ ስደርስ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። መታወቂያውን በፌስታል ጠቅልሎ ጨብጦታል። ዕድሜው ያንቺ ነው። "አባባ፣ እኔ ጅማን ዛሬ ነው ያየኋት" አለኝ።

ከስምንት ወር በፊት ሥራ እናስቀጥርሃለን ላሉት ሰዎች የመታወቂያውን ፎቶ ልኮ ነበር። ፊትና ጀርባ። በሱ ስም ሌላ ፎቶ ለጥፈው መታወቂያ ሠሩ። በዚያ መታወቂያ ሂሳብ ከፈቱ። መርማሪው የባንኩን ቅጽ አወጣና አሳየው። ስሙ የሱ ነው። የእናቱም ስም ትክክል ነው። ፎቶው የሌላ ሰው ነው። ልጁ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ "ይሄ ሰው እኔን ሆኖ ነው የሚኖረው ማለት ነው?" አለ።

ልጄ፣ ከብሩ ይልቅ ይቺ ጥያቄ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

እኔ ገንዘብ ነው ያጣሁት፣ ቡና ሸጬ እመልሰዋለሁ። እሱ ግን እሱ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። አራት ጊዜ ጅማ ተመላልሷል፣ በራሱ ትራንስፖርት፣ በራሱ አልጋ። የቀን ሥራውን በዚህ ምክንያት አጣ። ሰፈሩ ውስጥ "ፖሊስ ይፈልገዋል" ተባለ። በመጨረሻ ነፃ ወጣ። "ነፃ ነህ" የሚለውን ወረቀት ግን ለጎረቤት ሁሉ እያዞረ አያሳይም።

አንቺ ሒሳብ ተምረሻልና ቁጥር ልንገርሽ። አሜሪካኖች ይህን ነገር፣ የማንነት ስርቆትን፣ ቀድመውን አይተውታል። በ1998 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል አደረጉት። በ2003 የንግድ ኮሚሽናቸው ጥናት አውጥቶ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስሙ ተሰርቆበታል። ድርጅቶችና ባንኮች ያጡት 48 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ተጎጂዎቹ ከኪሳቸው ያወጡት ደግሞ 5 ቢሊዮን። ልብ በይ፣ ትልቁን ዱላ የቀመሰው ነጋዴው ነው። ነጋዴው ደግሞ የት ያገኘዋል? ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ባንኩም አገልግሎት ክፍያው ላይ ይጨምረዋል። ዞሮ ዞሮ ምንም ያልደረሰበት ሰው ሳያውቀው ይከፍላል። ዛሬም አልበረደም። በ2024 ለዚሁ ኮሚሽን ከ1 ሚሊዮን በላይ የማንነት ስርቆት አቤቱታ ቀርቧል። ደግሞ ሰው ሁልጊዜ በራሱ ስህተት አይደለም የሚሰረቀው። በ2017 ኢክዊፋክስ ከተባለ፣ የሰዎችን የብድር ታሪክ ከሚይዝ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ሰው መረጃ ወጥቷል። እነዚያ ሰዎች ለማንም ኮድ አልነገሩም።

እኛ ጋ ነገሩ የፈጠነው ስልክ ኪስ ከሆነ ወዲህ ነው። ቴሌብር የጀመረው በኛ አቆጣጠር ግንቦት 2013 ነው። ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም ያለሱ አልሠራም። ድሮ ብር በጆንያ ተሸክመን በሌሊት አውቶቡስ እንሄድ ነበር፣ ሌባውም መንገድ ላይ ነበር የሚጠብቀን። አሁን የሚመጣው በስማችን ነው።

ከገንዘቡ ሌላ ደግሞ አለ፣ የደረሰኙ ጉዳይ። ይህን በደንብ ስሚኝ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ልትሆኚ ነውና። የአንድን ድሃ ሰው መታወቂያ ወይም ውክልና ይይዛሉ። በሱ ስም ንግድ ፈቃድና ቲን፣ ማለትም የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ያወጣሉ። የካሽ ሬጅስተር ማሽን ይገዛሉ። ከዚያ ያልተሸጠ ዕቃ ደረሰኝ እየቆረጡ፣ ግብር ለማሳነስ ለሚፈልግ ነጋዴ በኮሚሽን ይሸጣሉ። ገዢው 15 በመቶውን ቫት ያቀናንስበታል፣ ወጪም ያደርገዋል። አንድ ቀን ይሰወራሉ። ግብር ሰብሳቢው ሲመጣ የሚያገኘው ያንን ድሃ ነው። አንድ ብር ሳይሸጥ ሚሊዮን ዕዳ! ደረሰኙን ሳያውቅ የተቀበለ ቅን ነጋዴም አብሮ ይጨማለቃል። ስለዚህ ነገ መሥሪያ ቤት ስትገቢ፣ ደረሰኙን ከማየትሽ በፊት ዕቃው መጋዘን መግባቱን እይ።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሰውን የኤሌክትሮኒክ ማንነት የሰረቀን እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ቅጣት ያስቀጣዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በኛው 2016 ወጥቷል። ፋይዳም፣ አዲሱ ብሔራዊ መታወቂያ፣ ትልቅ ነገር ነው። አሻራና የዓይን ብሌን ስለሚይዝ፣ እንደ ድሮው የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ለጥፎ ሌላ ሰው መሆን ከባድ ይሆናል። ባንኮችም ሂሳብ ለመክፈት እየጠየቁት ነው። ያ ልጅ ያኔ ይህ ቢኖርለት ኖሮ እላለሁ። ቢሆንም የማረጋገጫው ኮድ የሚመጣው ስልክሽ ላይ ነው። ኮዱን ለደዋይ ከነገርሽ ፋይዳም አያድንሽም።

እኛ አሁን እንዲህ ነው የምንሠራው። የሂሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል መልእክት ከመጣ በምናውቀው የድሮ ቁጥር ደውለን ድምፁን ሳንሰማ ሳንቲም አናንቀሳቅስም። ሐጂ እንኳ ቢሆኑ። መጀመሪያ ላይ ይከፋቸዋል ብዬ ሰግቼ ነበር፣ አሁን ራሳቸው "ደውልልኝ" ይላሉ። የመታወቂያ ኮፒ የግድ መስጠት ካለብን፣ ለማንና ለምን እንደተሰጠ ከነቀኑ ኮፒው ላይ አሻግረን በእስክሪብቶ እንጽፍበታለን። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ቴሌግራምሽ ላይ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ አብሪው። ስልክሽ ላይ ድንገት ኔትወርክ ከጠፋና የሌላው ሰው ስልክ እየሠራ ከሆነ "ይመለሳል" ብለሽ አትቀመጪ። አንድ ሰው በስልክ ቁጥርሽ ሌላ ሲም አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ያኔውኑ ቴሌ ሂጂ።

ወደ ሥራው ልመለስ። እውነተኛ ቀጣሪ ከሆኑ ቢሮአቸውን ይንገሩሽ፣ በአካል ሄደሽ መታወቂያሽን አሳይተሽ መልሰሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ቢሮ የለንም ካሉሽ ተያቸው። ሥራ ይመጣል፣ እኛም እስኪመጣ አለንልሽ። ከላክሽላቸው ደግሞ ደንግጠሽ እንዳትደብቂኝ። ደውይልኝ፣ አልቆጣሽም። ባንክሽም ፖሊስም ጋ አብረን እንሄዳለን፣ አዲስ አበባ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ እናትሽና እኔ ተነጋግረናል። በስምሽ "አባ፣ ብር ላክልኝ፣ ቸኩያለሁ" የሚል መልእክት ከመጣ ደውዬ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። ሳሎን ያለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አንዱን እግር ማን ሰበረው? መልሱን እዚህ ላይ አልጽፈውም። ታውቂዋለሽ።

አባትሽ
ከጅማ