ስለ ድንኳን መትከያው ለአባላት

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣

በሌሊት ድንኳን ስንተክል የሚያስቸግረን ሸራው ሳይሆን ካስማው ነው። ኮብልስቶን ላይ አይገባም፤ እንደምንም የገባውም ሲነቀል ይጣመማል። ስለዚህ 20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ኮንክሪት ሞልተን፣ ሳይደርቅ ከባለ 12 ሚሊ ፌሮ የታጠፈ ቀለበት መሃሉ ላይ እንቀብራለን፤ ገመዱ እዚያ ይታሰራል። አንዱ ከ45 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የባልዲው እጀታ አይችለውም፤ ቀለበቱ ውስጥ ዱላ አሳልፋችሁ ለሁለት አንሡት። ነፋስ ከበረታ ግን ባልዲ ብቻውን አይታመንም። አፈር ባለበት በኩል ካስማ ይመታ፤ አናቱም ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘንብል።

ለዝናብ ደግሞ ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ የባህር ዛፍ ባላ ይበቃል። ሸራው ላይ ያቆረውን ውሃ ከውስጥ ገፍቶ ለማፍሰስ ነው። በብረት ቋሚ የሚገፉ ልጆች አሉ፤ ሸራው የሚቀደደው በዚያ ነውና ምከሩልን። (ውጭ ዳር የተቀመጠ ሰው እንዳለም ቀድሞ ማየት ነው!)

ባዶ የቀለም ባልዲ ያላችሁ እስከ ቅዳሜ ለንብረት ክፍል አስረክቡ። ክዳኑ አያስፈልግም።