ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፦ «ገብቷል» ማለት ምን ማለት ነው?

ጤና ይስጥልኝ።

ደሴ ውስጥ ክራርና ኪቦርድ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤት የለኝም። አንዲት ክፍል፣ ሁለት ክራር፣ አንድ ያረጀ ኪቦርድ፣ በር ላይ የተለጠፈ ስልክ ቁጥር፤ ይኸው ነው። ልጆቹ በትዝታ ቅኝት ይጀምራሉ። ጣታቸው ሲፍታታ ወደ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይሻገራሉ። ባቲም አምባሰልም እዚሁ ወሎ ያሉ አገሮች ናቸው። ስለዚህ ውጭ አገር የሚኖር ወላጅ «ልጄ ክረምቱን እናንተ ጋ ትማር» ቢለኝ አልጠረጥርም። የተበላሁትም በዚሁ ነው።

ሰኔ ላይ ውጭ አገር እኖራለሁ ከሚል አባት በቴሌግራም መልእክት መጣልኝ። ልጁ ለሁለት ወር ደሴ አያቷ ጋ ትመጣለች፤ ሙዚቃ አስተምርልኝ፤ የሁለቱን ወር በአንዴ በቼክ እከፍላለሁ ይላል። ዋጋዬን ነገርኩት፤ 12,000 ብር። «እሺ» አለ።

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። በማስተማር በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ዋጋ ሰምቶ «ትንሽ አይቀንስም?» ያላለ ወላጅ አጋጥሞኝ አያውቅም። ሰላምታውስ? የኛ ሰው ገንዘብ ከማንሳቱ በፊት ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ ዝናቡን ሁሉ ጠይቆ ነው። ይሄ ቀጥታ ቼክ። ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው ስለው ዘጠኝ አለኝ፤ በሁለተኛው ቀን አሥራ ሁለት ሆነች። ክራር ነው ኪቦርድ? «የፈለጉትን።» ልደውልልህ ስለው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

ቼኩን አንድ የባጃጅ ልጅ አመጣልኝ። 38,000 ብር ይላል። የተጻፈው በማላውቀው ድርጅት ስም ነው። ወዲያው መልእክት ተከተለ፦ «ትርፉ 26,000 የሹፌሩ ነው። ከኮምቦልቻ ኤርፖርት ተቀብሎ እርስዎ ጋ የሚያመላልሳት እሱ ነው። ዛሬውኑ በቴሌብር ይላኩለት፤ መኪናውን ለሌላ ሰው ሊሰጥብኝ ነው።»

ባንክ ሄድኩ። ቼኩ የሌላ ባንክ ነው። ደረሰኙ ላይ ማኅተም ተመታ። «ገባ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ገብቷል» አለችኝ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ። አልዋሸችም። የገባው ወረቀቱ ነው። ብሩ የሚመጣው ቼኩን ያወጣው ባንክ አጣርቶ ሲከፍል ነው። ይህን ግን እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ። ለአዲስ ኪቦርድ ካጠራቀምኩት ላይ 19,000 ብር ላክሁ። «ቀሪውን ነገ» አልኩት። «አብሽር መምህር» አለኝ። ከሰውየው አፍ የወጣች የመጀመሪያዋ ወሎኛ እሷ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ቼኩ ተመለሰ። ሂሳቡ የተዘጋ ነው። የሹፌሩም ስልክ አይሠራም። ልጅቷም፣ አያቷም፣ ሹፌሩም የሉም።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ፒያኖ ታስተምራለች። ስነግራት ሳቀች። ዘዴው እዚያ ለሙዚቃ አስተማሪዎች የቆየ ነገር ነው። ቁጥራቸው በአደባባይ ነው፣ ቤታቸው ይሠራሉ፣ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላሉ። እዚያ ሹፌሩ አንዳንዴ ሞግዚት ይሆናል። የነሱ እንዲያውም ይብሳል። በሕጋቸው ባንኩ የቼኩን ብር በጥቂት ቀናት ውስጥ ለደንበኛው መልቀቅ አለበት። ስለዚህ ብሩ ሂሳባቸው ላይ በዓይናቸው ይታያል። ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያኔ ባንኩ ገንዘቡን ካስገባው ሰው ላይ ያስመልሳል። እሷ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ ከዋጋህ በላይ ከፍሎ ትርፉን ለሦስተኛ ሰው ላክ ካለህ፣ ቼኩን አትንካው።

ፖሊስ ጋም ሄጃለሁ። ደረቅ ቼክ ወንጀል መሆኑን አውቃለሁ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 አለ። ግን ያ ቼኩን የጻፈውን ሰው ይመለከታል። የኔ ሰውዬ የት እንዳገኘው የማይታወቅ ወረቀት ነው የላከው። ማታለል የሚለው አንቀጽ 692 ይሻለዋል። ያም ቢሆን ሰውየው ከተያዘ ነው።

እናንተን ያስቸገርኩት ሌባውን ያዙልኝ ለማለት አይደለም። ባንኮችን የምትቆጣጠሩት እናንተ ናችሁ። የቼክ ገቢ ደረሰኝ ላይ፣ ማኅተሙ አጠገብ፣ በደማቅ አማርኛ እንዲህ ይጻፍ፦ «ቼኩን ተቀብለናል። ገንዘቡ ገና አልተከፈለም።» ከዚያ ሲከፈል በስልካችን አጭር መልእክት ይምጣ፤ ካልተከፈለም እንዲሁ። መስኮት ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ «ገብቷል» የምትለውን ቃል ለቼክ ባይጠቀሙባት ደስ ይለኛል። «ተቀብለናል፣ ጠብቅ» ቢሉኝ ኖሮ እጠብቅ ነበር።

በቴሌብርም ሆነ በሌላ መንገድ የተላከ ገንዘብ ሳይወጣ እንዲታገድ አቤት የምንልበት ፈጣን መስመር ቢኖር ደግሞ መልካም ነው። እኔ ለማን ልደውል እያልኩ ግማሽ ቀን ፈጀሁ።

ሙያችን ትንሽ ነው። ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ጊታር የሚያስተምሩ ጓደኞች አሉኝ፤ ሁሉም ስልካቸው በር ላይ ነው። ታሪኬን ከሰሙ በኋላ ሁለቱ ተመሳሳይ መልእክት አሳዩኝ። ቃል በቃል ያው ነው፤ የአንደኛው ልጅ ብቻ ወንድ ነው።

የደረሰኜን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይታያል። ከታች አንድ መስመር የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለው።

አክባሪያችሁ፣
የክራር አስተማሪ፣ ደሴ