ከሚፈጥኑን ጋር እንሩጥ፣ ግን በየትኛው ቀናቸው?

ይድረስ ለስፖርት አምድ አዘጋጅ፣ ሰላም ናችሁ?

ማራቶን ሊሮጡ ላሰቡ ጀማሪዎች ባወጣችሁት ምክር ውስጥ «ሰዓት ማሻሻል የሚፈልግ ከሱ ከሚፈጥኑ ጋር ይሩጥ» ብላችሁ አልፋችኋል። ትክክል ናት፣ አልከራከርም። ግን እንዲሁ በደፈናው ስትነገር ሰው ትጎዳለች፣ እሁድ እሁድ ሱሉልታ መንገድ ላይ ሲያነክሱ የማያቸው ጀማሪዎች ናቸው ያስጻፉኝ።

ከሚፈጥን ጋር መሮጥ እንደሚጠቅም ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ትግስት አሰፋን ይይ። እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ ወንዶችም ባሉበት ውድድር 2:11:53 ገባች፣ በጊዜው የዓለም ሪከርድ። በ2025 ለንደን ላይ ደሞ ሴቶች ለብቻቸው በሮጡበት 2:15:50 ገባች፣ እሱም የዓለም ሪከርድ ሆነ። ግር ይላል አይደል? የዓለም አትሌቲክስ ለሴቶች ማራቶን ሁለት ሪከርድ ነው የሚይዘው፣ ከወንዶች ጋር የተሮጠው ሌላ፣ ሴቶች ብቻቸውን የሮጡት ሌላ። እርግጥ መንገዱም አየሩም ይለያያል፣ አራቱንም ደቂቃ ለአሯሯጭ (ከፊት እየሮጠ ፍጥነቱን ለሚይዝ ሰው) መስጠት አይቻልም፣ ግን ከፊት የሚፈጥን ሰው መኖሩ ምንም ባይጨምር ሪከርዱን ለሁለት መክፈል ለምን አስፈለገ? ኬንያዊው የማራቶን ሯጭ ኤሊዩድ ኪፕቾጌም በ2019 ቪየና ላይ 1:59:40 ሲገባ 41 አሯሯጮች እየተፈራረቁ ንፋስ ከልለውለታል፣ በዚህም ጭምር ነው በሪከርድነት ያልተመዘገበለት።

አሁን ወደኛ ወደ አማተሮቹ ልምጣ። ማራቶንን በ3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ (3:30) ለመግባት የሚያስብ ሰው አንዱን ኪሎሜትር በ5 ደቂቃ ገደማ መሮጥ አለበት። ታምራት ቶላ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ 2:06:26 ሲገባ በአማካይ ከ3 ደቂቃ በታች ነው የሄደው፣ ያውም በዛ ሁሉ ዳገት። በመሃል ያለውን ልዩነት አስቡት። የኛ ሰው ግን አንድ የአትሌቲክስ ክለብ ልጅ ይተዋወቅና ስፒድ (የፍጥነት ልምምድ) በሚሰሩበት ቀን አብሮ ይገባል፣ የመጀመሪያውን ኪሎሜትር ነፍሱ እስክትወጣ ይከተላቸዋል ከዛ ቆሞ ወገቡን ይይዛል፣ ማታ ስትራቫ (ሯጮች ሩጫቸውን የሚያጋሩበት አፕ) ላይ «ከአትሌቶች ጋር» ብሎ ይለጥፋል፣ ከዛ በኋላ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ይጠፋል። ይሄ የምር ልምምድ አይባልም።

አትሌቶቹ ጋር ሄዶ መማር ያለበት ሰው ፍጥነት ሳይሆን ዝግታ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት እንጦጦ ጫካ ወጥታችሁ ኢዚ፣ ማለትም ቀለል አርገው በዝግታ፣ የሚሮጡበትን ቀን እዩልኝ። አንድ ባንድ ተሰልፈው በባህር ዛፉ መሃል ይጠማዘዛሉ፣ ፊት ያለው ጉቶ ወይ ድንጋይ ሲያይ በእጁ ወደ ጎን ያሳያል፣ ከኋላው ያለውም እንደዛው፣ ምልክቱ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል። አንዳንዴ አካሄዳቸው ከመዝገሙ የተነሳ እኔ ራሴ ቀድሜ ልውጣ ያሰኘኛል (ወግ አይደለም እንጂ፣ የሚመራ ሰው እያለ አይቀደምም)። 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቀስ ብለው እንኳ ሳንባቸው ይሰራል፣ እግራቸውን ግን ለነገው ስፒድ ያስቀምጡታል። እኛ ደሞ የተገላቢጦሽ ነን፣ በኢዚ ቀን ሰዓታችንን እያየን እንጣደፋለን፣ ስፒድ ቀን ሲመጣ እግር የለም። ስለዚ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መካከለኛ ፍጥነት ስንዳክር እንከርማለን፣ ሰዓቱ ወይ ፍንክች።

ስለዚ ምክሩን እንዲህ ብትጽፉት ደስ ይለኛል፦ አትሌቶቹን በኢዚ ቀናቸው ከኋላ ተከተሉ፣ ለስፒድ ቀን ደሞ ትንሽ ብቻ የሚበልጣችሁን ሰው ፈልጉ። 3:30 የሚፈልግ ሰው 3:15 ከሚሮጥ ጋር ቢለማመድ በኪሎሜትር ልዩነቱ 20 ሰከንድ ገደማ ነው፣ አጭር አጭሩን ድግግሞሽ ጥርሱን ነክሶ አብሮት ይጨርሳል። ረጅሙን ሩጫ ግን እንደራሱ 3:30 ከሚያስብ ሰው ጋር፣ እያወሩ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፣ በቃ።

ሴት ሯጮች ደሞ ሌላም ምክንያት አላቸው፣ ገና ሳይነጋ ብቻን መውጣት ውሻውም ሲኖትራኩም የሰው ልክፍቱም አለ፣ እና ቡድን ሲመርጡ ከፍጥነት በፊት አብሮ ወጥቶ አብሮ የሚመለስ መሆኑን ቢያዩ ይሻላል። በተረፈ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የውድድር ውጤት ስታወጡ ከአሸናፊው ስር አሯሯጩ ማን እንደነበርና እስከ ስንት ኪሎሜትር እንደመራ አንድ መስመር ብትጨምሩ ምን አለበት? ብዙዎቹ እዚሁ አጠገባችን የሚሰሩ ልጆች ናቸው፣ አንዱን ጋብዛችሁ ብታወሩትማ ምክሩን ከኔ የተሻለ ይነግራችኋል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ