ለምን «አላውቅም» እንዳልኩሽ

አንቺዬ፣

እንዴት ነሽ? የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ደብረ ብርሃን ያው ናት። ጠዋት ጣቴ ደርቆ እስክሪብቶ አልጨብጥ ይላል። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ። ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ከርሜ ስለ ብርድ ሳወራ እንደምትናደጅ አውቃለሁ። ግን ከየት ልጀምር? ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ። መውለድሽን እንኳን ከሰው አፍ ነው የሰማሁት። ገንፎሽን ሳልቀምስ ቀረሁ።

ያን ማታ የደወልሽውን አልረሳሽውም መቼም። «አጎቴን የከሰሰው ሰው ጠበቃ ያንቺው አለቃ ነው አሉ። ሰነድ አላቸው? እሱን ብቻ ንገሪኝ» አልሽኝ። «አላውቅም» አልኩሽ። ከሳምንት በኋላ ፍርድ ቤት በር ላይ የጠበቃውን ቦርሳ ተሸክሜ አገኘሽኝ። ሰላም ሳትይኝ አለፍሽ።

አውቅ ነበር። ፋይሉ መደርደሪያዬ ላይ ነበር። ሰነድ ይኑር አይኑር ግን ዛሬም አልነግርሽም። መዝገቡ ተዘግቷል፣ ውሳኔው ተነቧል፣ በችሎት የተባለውን አገር ሰምቶታል። ባለጉዳዩ ቢሮ ገብቶ፣ በር ተዘግቶ ያወራው ግን ሌላ ነው። ያ መዝገቡ ስለተዘጋ አይለቀቅም። ብትኮሪኝም ብትታረቂኝም እዚያው ነው።

የበደልኩሽ ምስጢር በመያዜ አይደለም። በመዋሸቴ ነው። «ልነግርሽ አልችልም» ማለት ነበረብኝ። ያላልኩት ፈርቼ ነው። እንደዚያ ካልኩሽ «አሃ፣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው» ትያለሽ ብዬ። አሁን ሲገባኝ መፍትሔው ቀላል ነበር። ፋይሉ ሙሉም ይሁን ባዶ፣ የሚጠይቀኝ ጓደኛም ይሁን ባዳ፣ መልሴ ያው አንድ ከሆነ ማንም ከመልሴ ምንም አያነብም። ዛሬ እናቴ እንኳን ስትጠይቀኝ የምትሰማው እሱኑ ነው። መጠየቅ ትታለች።

ሌላም ጥፋት አለኝ፣ እሱ ደግሞ ባንቺ ላይ አይደለም። ፋይሉ ሲከፈት የአጎትሽን ስም አየሁ። የዚያኑ ዕለት ለአለቃዬ «ይሄን ሰው አውቀዋለሁ፣ እነሱ ቤት በልቼ ነው ያደግኩት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሥራዬን የማጣ መሰለኝ። ከልጅነቴ ጋሼ የምለውን ሰው «1ኛ ተከሳሽ» ብዬ ስተይብ ከረምኩ። ከዚያ አንቺ ደወልሽ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ለአለቃዬ ነገርኩት። አልጮኸም። «መቼ ነው ያወቅሽው?» ብቻ አለኝ። ከመጀመሪያው አልኩት። ዝም አለና ፋይሉን ከመደርደሪያዬ አንስቶ የራሱ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ቀየረ። ከዚያ እዚያው ፊቴ ለባለጉዳዩ ደወለ። ሰውየው ምን እንዳለ የሁለቱ ጉዳይ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ፋይል በእጄ አልነካሁትም። ፍርድ ቤት በር ላይ ስታዪኝ የመጣሁት ለሌላ መዝገብ ነበር።

በወቅቱ ተናድጄ ነበር። «ሌባ ነኝ እንዴ?» አልኩ በሆዴ። እኔ እንደማላወጣ እኔ አውቃለሁ። ባለጉዳዩ ግን በምን ያውቃል? ከተከሳሹ ቤት ሽሮ የበላች ልጅ ወረቀቱን ስታገላብጥ ቢያይ አንድ ነገር የማይጠረጥር ማን አለ? የጥቅም ግጭት የሚሉት ይሄው ነው። ልስረቅ አልስረቅ አይደለም ጥያቄው። የማወቅ መብቱ የእሱ ነበር፣ እኔ ነፈግኩት።

አለቃዬ በኋላ የሚነበብ ሰጠኝ። የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992ን፣ ከ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ የሙያ ምስጢር ማውጣትን የሚያስቀጣውን አንቀጽ 399ን። አሜሪካኖች እንደኔ ዓይነቱን ረዳት ፓራሊጋል ነው የሚሉት። የእነሱ የጠበቆች ማኅበር ሞዴል ደንብ 5.3 ላይ፣ ጠበቃው የረዳቱ አሠራር ከእሱ ግዴታ ጋር እንዲስማማ መቆጣጠር አለበት ይላል። «ገባሽ? አንቺ ስታጠፊ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። ገባኝ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ምስጢር አይደለም። ከመንዝ ሌሊት ተነስተው የሚመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ጠበቃው ችሎት ነው፣ ቢሮ ያለሁት እኔ ነኝ። ወረቀታቸውን ከፌስታል ያወጡና «ልጄ፣ እረታለሁ?» ይሉኛል።

«አባባ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነሽ?»

«እጽፋለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ።»

አንዱማ «ይሄን ሁሉ ዓመት ድስት ዳር ተቀምጠሽ ወጡን አልቀመስሽም?» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ብዙ ጊዜ መልሱን የማውቅ ይመስለኛል፣ እውነቴን ነው። ግን እኔ «ይረታሉ» ካልኩ ሰውየው አገር ቤት ገብቶ ሽማግሌ ይመልሳል፣ በሬ ሸጦ ይሟገታል። ተሳስቼ ቢሆንስ? በሬውን ማን ይመልስለታል? ስለዚህ ሻይ አዝዤላቸው ጠበቃው እስኪመጣ እንጠብቃለን። ጠበቃ ናት ብለው እንዳይሄዱ ሁለቴም ሦስቴም እነግራቸዋለሁ።

መቁጠር ግን የእኔ ሥራ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 323 ይግባኝ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ሰው «ሁለት ወር» ብሎ በወር ይቆጥራል። ጳጉሜ ትረሳለች! ሐምሌ 20 ለተፈረደ ሰው መስከረም 20 ድረስ ጊዜ ያለው ይመስለዋል፤ ጳጉሜ አምስት ቀን በሆነች ዓመት ግን ቆጠራው መስከረም 15 ላይ ይሞላል። ደብተሬ ላይ ጳጉሜን በቀይ አሰምራለሁ። ለዳኝነት ክፍያ የሚሰጡኝን ብር ደግሞ በየስማቸው ፖስታ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። ከራሴ ቦርሳ ጋር አይገናኝም፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን።

ይሄን ሁሉ የዘበዘብኩት ይቅር እንድትይኝ ብቻ አይደለም። ያን ማታ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እኔም እንዳላደርኩ እንድታውቂ ፈልጌ ነው። ጋሼን ሰላም በይልኝ፣ ሰላምታዬን ከተቀበሉ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ገንፎውን እኔ አገነፋለሁ፣ ቅቤው አለ። ደብረ ሲና ስትደርሺ ቆሎ ግዢልኝ፣ እዚህ ያለው የዚያን አይጥመኝም። ስለዚያ መዝገብ አትጠይቂኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ይወራል። ስልኬ አልተቀየረም።

ያንቺው