ቁልፉ ማን ጋ ይሁን? ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በትምህርት ቤቶቻችን ስለማስጀመር

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ። ጎን ለጎን ፋይል እጭናለሁ። የፈተና ሰሞን ሱቄን የሚሞላው ስክሪን የተሰበረበት ሰው አይደለም፤ ፍላሽ የያዘ ተማሪ ነው። "የ11 ፊዚክስ አለ?" "የድሮ ኢንትራንስ ጥያቄ አለ?" ይሉኛል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር፣ የታተመው መጽሐፍ እስኪደርስ ስንቱ ልጅ በፒዲኤፍ እንደተማረ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። ዳታ ያለው ከቴሌግራም ያወርዳል። የሌለው ከጓደኛው ስልክ በዜንደር ያለ ዳታ ይቀበላል። ያም ካልሆነ እኛ ዘንድ ይመጣል። (ስለ ፊልሙ አትጠይቁኝ፤ እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።)

ልጆቹ ያለ ኢንተርኔት መማሩን በራሳቸው ጊዜ ጀምረውታል። አሁን የምለምነው ትምህርት ቤቱም እንዲገባበት ነው።

ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ መምጣቱን ለእናንተ አልነግራችሁም። በመጣ ቀን ሮቶው ይሞላል፣ ጀሪካኑ ይሰለፋል፣ ቀጣዩ ተራ እስኪደርስ በዚያ ይኖራል። ውሃ የለም ብሎ ሳይበላ የሚያድር ቤት የለም። ኢንተርኔቱንም እንዲሁ መያዝ እንችላለን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደሆንን ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ አንድ የተሞላ ሣጥን ቢኖር ኖሮ ቢያንስ መጽሐፍና መልመጃ ባልጠፋ ነበር።

ሣጥን የምለው ይህን ነው። መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ራስበሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ሚሞሪ ካርዱ ላይ መጻሕፍት፣ ቪዲዮና መዝገበ ቃላት ይጫንበታል። የራሱን ዋይፋይ ይለቃል። ተማሪው በስልክ፣ በታብሌት ወይም በላብ ኮምፒውተር ይገናኝና ብሮውዘር ላይ አድራሻውን ጽፎ ይገባል። ፓኬጅ አይገዛም። ቲክቶክም የለም፤ ሣጥኑ ከውጭው ዓለም ጋር አይገናኝምና። ይህን የምጨምረው ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው።

ሶፍትዌሩ በነፃ ነው። ኪዊክስ የሚባለው፣ ዊኪፒዲያ የሚሉትን የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት በሙሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ከነሥዕሉ፣ ከ100 ጊጋባይት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ኮሊብሪ የሚባለው ደግሞ ለትምህርት ቤት ተብሎ የተሠራ ነው። የካን አካዳሚ የሒሳብና የሳይንስ ቪዲዮዎች ከነመልመጃቸው ይገቡበታል። መምህሩ ማን የቱ ላይ እንደደረሰ፣ ማን የቱ ላይ እንደተቸገረ ያይበታል።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን ፌት የሚባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የስክሪን ላይ ቤተ ሙከራ ነው። ልጁ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ስክሪኑ ላይ እየጎተተ ሰርኪዩት ይሠራል። በትክክል ሲያገናኘው አምፖሉ ይበራል። ሾርት ካደረገው እሳት ይነሣል። አንድ የጎረቤቴ ልጅ ሆን ብሎ እሳቱን ሲያስነሣ፣ ሲያጠፋ፣ እንደገና ሲያስነሣ ቆየና "ለምንድን ነው አምፖሉ መሀል ሲገባ የማይነደው?" ብሎ ጠየቀኝ። ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰትን መግታት) የሚለውን ትምህርት እዚያው ላይ ጀመርነው። ቤተ ሙከራው ባዶ መደርደሪያ ለሆነበት ትምህርት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋውም የሚያስፈራ አይደለም። ሙሉው ዕቃ ከአንድ አዲስ ዴስክቶፕ አይበልጥም። ራስበሪ ፓይ ካልተገኘ ያገለገለ ላፕቶፕ ያንኑ ይሠራል፤ ኪዊክስም ኮሊብሪም ዊንዶውስ ላይ ይሄዳሉ። የራስበሪ ፓዩ የመብራት ፍጆታ በተለምዶ ከ15 ዋት አይበልጥም። በፓወር ባንክ ይነሣል።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ሌላው ነው።

አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን ተዉት፣ "ኮምፒውተሮቹ ሞተዋልና ናልን" ብሎ ጠራኝ። ስደርስ የኮምፒውተር ክፍሉ (ላቡ) ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው መምህር ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዷል። በሌላ ቀን ተከፈተልኝ። ዴስክቶፖቹ ላስቲክ ተሸፍነው፣ አቧራ ጠግበው ተደርድረዋል። አብዛኞቹ አልሞቱም። ሳይበሩ ከመኖራቸው የተነሣ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ አልቃ ሰዓቱ ጠፍቶባቸዋል፤ ሲከፈቱ ጥያቄ ያወጣሉ፣ ያን ያየ ሁሉ "ተበላሸ" ብሎ ያጠፋል። መምህሩን ግን አልወቅስም። ዕቃው ስቶር ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል የገቢ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ለእሱ ሲሰጥ ሞዴል 22 በሚባለው የወጪ ደረሰኝ ላይ ይፈርማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃው በስሙ ነው። አንድ ኪቦርድ ቢጠፋ ከደመወዙ ነው። እናንተ ብትሆኑ አትቆልፉም?

የፕላዝማውንም ነገር አስታውሱ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃው ሲገባ ስንት ተስፋ ተደርጎበት ነበር። እኔ ራሴ በዚያ የተማርኩ ነኝ። በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፣ ገባህ አልገባህ አይጠይቅህም፣ መብራት ከሄደ የዚያን ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው። መምህሩ ቆሞ ያያል። በኋላ ብዙዎቹ ስክሪኖች የብረት ሣጥናቸው ውስጥ ተቆልፈው ቀሩ። ኮሊብሪ ላይ ቪዲዮው ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይደገማል፤ በዚህ ይሻላል። ከመቆለፍ ግን አያድንም። የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ 6 ሚሊዮን ጽሑፍ ኖረ አልኖረ ለተማሪው ያው ነው።

ስለዚህ ዋናው ልመናዬ ይህ ነው። ሣጥኑን አይሲቲ ላብ አታስገቡት። ቤተ መጻሕፍት አስገቡት።

ቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አለው። ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል፤ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ሲሆን የከሰዓት ተረኛ ጠዋት መጥቶ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ላቡ ግን ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ብቻ ነው የሚከፈተው። ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ መጽሐፍ እንደሚወስድ፣ ታብሌትም በዚያው መንገድ ይውሰድ። ላቡ ውስጥ ያሉት ዴስክቶፖች ጥቂቶቹ ወደዚያ ይሻገሩ። ስልክ ትምህርት ቤት ውስጥ ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ክልከላውም ምክንያት አለው። በቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ውስጥ ብቻ፣ ሠራተኛዋ እያየች፣ ይፈቀድ እንደሆነ ግን እናንተ ተነጋገሩበት። እኔ ቢፈቀድ እላለሁ።

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው። ሣጥኑ በአገልግሎት ላይ እያለ ቢበላሽ ሠራተኛዋ ከኪሷ እንደማትከፍል በደብዳቤ ይጻፍላት። ስርቆት ሌላ ነው። ሚሞሪ ካርድ ግን አላቂ ዕቃ ነው፤ እንደ ጠመኔ ተቆጥሮ በአላቂ ይመዝገብ። ይህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከማንኛውም ግዢ የበለጠ ሥራ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ከሱቅ ልምዴ ደግሞ ጥቂት ላክል፤ ጨረታ ስታወጡ ይጠቅማችኋል። መብራት ድንገት ሲሄድ ካርዱ ይበላሻል። እኛ ከተማ ደግሞ መብራት ቀጠሮ ይዞ አይሄድም። ስለዚህ ፓወር ባንክ ወይም ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) አብሮ ይገዛ፤ ከነሙሉ ይዘቱ የተቀዳ መጠባበቂያ ካርድም ቤተ መጻሕፍቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። አንዱ ሲበላሽ ሌላውን መሰካት ነው፣ ቴክኒሻን አያስፈልግም። ሌላው፣ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ፋት 32 በሚባለው መንገድ ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ባዶ 256 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ይዞ "ፋይሉ ትልቅ ነው ይለኛል፣ ሃርድ ዲስኬ ተበላሽቷል" እያለ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ኤክስፋት በሚባለው መንገድ ፎርማት አድርጉት፤ ያልቃል። ደግሞም አንድ ራስበሪ ፓይ በራሱ ዋይፋይ 20 ወይም 30 ሰው ቢያስተናግድ ነው። ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል በአንዴ ከገባበት ይንቀረፈፋል። ተራ ራውተር ከጎኑ ማድረግ ይረዳል።

ይዘቱን በተመለከተ አንድ ስጋት አለኝ። በታችኛው ክፍል ልጆቻችን የሚማሩት በአማርኛ ነው። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ግን ወደ 15 ሺህ ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው፤ ብዙዎቹም ከሁለትና ሦስት መስመር አያልፉም። በእንግሊዝኛ ይዘት የተሞላ ሣጥን ለ5ኛ ክፍል ተማሪ ብትሰጡት ሥዕል አይቶ ይመለሳል። ለታችኛው ክፍል መጀመሪያ መጫን ያለበት የመማሪያ መጽሐፉ ነው። ቀጥሎ አፍሪካን ስቶሪቡክ ላይ ያሉት የአማርኛ ተረቶች፤ በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ቀጥሎ የራሳችን መምህራን ሥራ። በየትምህርት ቤቱ ሒሳብን አሳምሮ የሚያስረዳ አንድ መምህር አይጠፋም። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች በስልክ ይቅረጹት፣ ድምፁ ይጥራ፣ ሣጥኑ ላይ ይውጣ። በሱቅ የሚሸጡ አጋዥ መጻሕፍትን ግን ያለ ደራሲው ፈቃድ አትጫኑ። ያኔ ጉዳዩ እንደኔው የፊልም ነገር ይሆንባችኋል።

ለ9ኛ እስከ 12ኛ ነገሩ ይቀላል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነውና። ፍላጎቱም የሚያስቸኩል ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 ደግሞ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ከጥያቄው ጋር ብቻ ሳይሆን ከማውዙም ጋር ሊታገል ነው። የድሮ ፈተናዎችን ኮሊብሪ ላይ በመልመጃ መልክ ብታስገቡ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይለምዳል።

ማን ያወርደዋል ለሚለው፣ 100 ጊጋ በሞባይል ዳታ ማውረድ ዕዳ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ግን እዚሁ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ ወደ ጤና ጣቢያ የመላክ የቆየ ልምድ አለው። የኮምፒውተር ተማሪዎቹንም በክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አዲስ የተጫነ ሃርድ ዲስክ አስይዞ ወደ አዘዞም ወደ ማራኪም፣ ከከተማ ወጣ ወዳሉትም ቢልክ በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉም ይታደሳል። እናንተ ደብዳቤውን ጻፉላቸው። እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ጎንደሬ ስለሆንኩ መተው አልቻልኩም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት መቅደላ ገብተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ወሰዳቸው። ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ብዙዎቹ ፎቶ ተነሥተው ኢንተርኔት ላይ ወጡ፤ ዳታ ያለው ዓለም ሁሉ አያቸው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ያ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ተመታና ምስሎቹ ከድረ ገጹ ለረጅም ጊዜ ጠፉ። ያን ሁሉ አቅም ይዘው እነሱም ኔትወርክ አጡ። አስቀድሞ ያወረደ ግን ማንበቡን ቀጠለ። ፋሲል ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ቆሟል፤ ተማሪዎች ይጎበኙታል፤ ድንጋዩን አይተው ይወጣሉ። ከመምሪያው ማኅተም ጋር አንድ የፈቃድ ጥያቄ ወደ ለንደን ቢላክ፣ የእነዚያ መጻሕፍት ምስል በየትምህርት ቤታችን ሣጥን ውስጥ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም።

ለመጀመር ብዙ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። ሁለት ይበቃል፤ አንዱ መሀል ከተማ፣ አንዱ ዳር። ሁለቱም ቤተ መጻሕፍታቸው ክፍት የሆነ፣ ሠራተኛቸው ሐሳቡን የምትወደው ይሁኑ። አንድ ሴሚስተር ይታይ። ማየት ያለባችሁም ስንት ዕቃ እንደተገዛ ሳይሆን ሣጥኑ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደበራ ነው።

የተጫነ ሣጥን ሱቄ ውስጥ አለ። በሥራ ቀን በፈለጋችሁት ሰዓት ይዤ ቢሯችሁ እመጣለሁ። ጠረጴዛ ብቻ አዘጋጁልኝ፤ መብራት ቢጠፋም ፓወር ባንክ እይዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር
በጎንደር ከተማ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያና የሁለት ተማሪዎች አባት

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት
ለየትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች